«መርዝ አለበት ወይ?» ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የዘገየ መልስ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ታነቡታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ ያደገች ልጅ ናት። አሁን ነርስ ሆና ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ወረዳ ትሠራለች። ስሟን ትቼ፣ በፈቃዷ መልእክቷን እነሆ፦

«እንደምን ሰነበቱ ቲቸር። የኮሌራ ክትባት ዘመቻ ላይ ነበርን። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ተሰልፋ ቆየችና ተራዋ ሲደርስ ‹መርዝ አለበት ይላሉ፤ እውነት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹የለበትም› አልኳት። ግን እርስዎ ክፍል ውስጥ የኮሌራ ክትባት ከራሱ ከባክቴሪያው መርዝ እንደሚሠራ አስተምረውን ነበር። እሱ ትዝ ሲለኝ አፌ ተያያዘ መሰለኝ፤ እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ተመልሳ ሄደች። ቲቸር፣ ዋሸኋት እንዴ?»

ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ «ልጄ፣ አልዋሸሻትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በደንብ እጽፍልሻለሁ።»

እንግዲህ ይኸው እየጻፍኩ ነው። እዚህ ላይ ያደረግሁት ያንን ትምህርት የተማራችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ ነው። ያኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ግማሹ እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ደግሞ ክፍል ውስጥ ሲቀር ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ከ15 ዓመት በኋላ የክትባት ሰልፍ ላይ ሲደርስ ግን እናት ያስመልሳል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ፈንግል

ኮሌራ ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደጋግሞ ገብቶ ሕዝብ ፈጅቷል። የዚያን ዘመን ሰዎች «ፈንግል» ይሉት ነበር። ዛሬ ፈንግል ሲባል ትዝ የሚለን የዶሮ በሽታ ነው፤ ቃሉ ግን ገፍቶ መጣልን፣ መገልበጥን ነው የሚያሳየው። ጠዋት የቆመውን ሰው ማታ ለሚጥል በሽታ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ከሠራዊታቸው ጋር ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባ። በንጉሡ እጅ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ነበር። የሰጠው ምክር ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋ መውጣት ነው። ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ተጓዘ፤ በመንገድም ብዙ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ካሉ ሐኪሞች ከዚህ የተሻለ መላ ያለው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከተበከለው ውኃ መራቅ ብቻ!

ወደ ኮልፌ እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የተነሣውን ታስታውሳላችሁ። ስሙ «አተት» ነበር፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ጥሬ ሥጋ ተዉ፣ ሰላጣ ተዉ፣ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ሲባል ከረመ። ያ ወረርሽኝ ኮሌራ እንደነበር ኋላ የታተሙ ጥናቶች በስሙ ጠርተው ጽፈውታል።

በዚያ ክረምት አንድ ጎረቤታችንን፣ ማታ አብሮን ሲጫወት ያመሸ ሰው፣ ሲነጋ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ የጣቶቹ ቆዳ ሙሉ ቀን ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማዶ አገኘነው። ተሸክመን ወሰድነው። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፣ ኦአርኤስ ጠጣ፣ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ተመለሰ። ትኩሳት የለውም፤ ቁስል የለውም። ከሰውነቱ የጎደለው ውኃና ጨው ነበር፤ እሱ ሲተካለት ሰውየው ዳነ።

ይኼ ነገር የገረመኝ እኔን ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የሳይንስ ሰዎችን ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ነው።

የካልካታው ሰው

በ1884 ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ሕንድ፣ ካልካታ ላይ ሆኖ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ አሳወቀ። ባክቴሪያው ወደ ደም አይገባም፤ አንጀት ውስጥ ነው የሚቀረው። ታዲያ ሰውን እንዴት በአንድ ቀን ይገድላል? ኮክ «መርዝ ያመነጫል» ብሎ ገመተ፤ መርዙን ግን አላገኘውም። ከእሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ በተሳሳተ ቦታ ፈለጉት። የባክቴሪያውን ጭማቂ እንስሳት ደም ውስጥ እየወጉ ምን እንደሚሆን ይጠብቁ ነበር። 75 ዓመት እንዲህ አለፈ።

መልሱ የተገኘው እዚያው ካልካታ ነው። ሳምቡ ናት ዴ የሚባል ለንደን ተምሮ የተመለሰ ሐኪም፣ በየዓመቱ ከተማውን የሚጨርሰውን በሽታ በጥቂት መሣሪያ ይመረምር ነበር። የጥንቸል አንጀት ወስዶ አንዱን ቁራጭ በሁለት በኩል በክር አሰረ፤ በመሀሉ ባክቴሪያውን ጨመረ። አንጀቱ በውኃ ተነፋ። ይህ በ1953 ነው። ከዚያ በ1959 ወሳኙን ሥራ ሠራ። ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ አጥርቶ፣ አንድም ባክቴሪያ የሌለበትን ውኃ ብቻ አንጀቱ ውስጥ ጨመረ። አንጀቱ አሁንም ተነፋ! እንግዲህ ሰውን የሚጥለው ባክቴሪያው የሚተፋው ነገር ነው ማለት ነው፤ የሚሠራውም ከአንጀት ውስጠኛው ገጽ ላይ ነው።

ዴ የኖቤል ሽልማት አላገኘም፤ ታላቁ ሳይንቲስት ጆሹዋ ሌደርበርግ ደጋግሞ ቢጠቁመውም። እኔ ግን ይህን ታሪክ የማነሣው ለሌላ ነው። የዚህን በሽታ ቁልፍ ያገኘው በሽታው ጎረቤቶቹን የሚገድልበት ሰው ነው። ይኼን ለኮልፌ ልጆች ደጋግሜ እናገር ነበር፤ አሁንም እናገራለሁ።

በ1969 አሜሪካኖቹ ፊንክልስታይንና ሎስፓሉቶ መርዙን አጥርተው ለብቻው አወጡት። ቀስ በቀስ አሠራሩ ታወቀ። መርዙ ስድስት ቁራጭ ያለው ነገር ነው። አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀለበት ሠርተው ይያያዛሉ፤ «ቢ» እንበላቸው። ስድስተኛው «ኤ» ነው። አምስቱ ቢዎች የአንጀት ሴል በር ላይ ይጣበቃሉ። እነሱ በሩን ሲይዙለት ኤ ሾልኮ ይገባል። ገብቶ የቤቱን ቧንቧ ይከፍትና መዝጊያውን ይሰብረዋል። ጨው ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ውኃ ጨውን ተከትሎ ይወጣል። በከባድ ሕመም አንድ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ጎረቤቴን ያየሁት እንዲህ ሆኖ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ጉዳቱን የሚያደርሰው ኤ ነው። ቢዎቹ ብቻቸውን ምንም አያደርጉም፤ በር ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ።

መርዝን መግራት

መርዝን ክትባት ማድረግ ያኔ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን የዘጊ አናዳን፣ ማለትም የዲፍቴሪያን መርዝ በፎርማሊንና በሙቀት አሰነፈው። መርዝነቱ ጠፋ፤ መልኩ ግን ቀረ። ሰውነት ያንን መልክ አይቶ መከላከያ ይሠራል፤ እውነተኛው መርዝ የመጣ ቀን ያውቀዋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሳይንሱ «ቶክሶይድ» ይለዋል፤ እኔ የተገራ መርዝ እለዋለሁ።

ልጆቻችሁን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጭናቸው ላይ ያስወጋችሁት ፔንታ ውስጥ እነዚህ ሁለቱም አሉ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ የሚወጉት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም የተገራ መርዝ ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማውጣቷ በ2017 ተረጋግጧል። እትብት በምላጭ ተቆርጦለት በሳምንቱ መጥባት አቅቶት የሚሞት ሕፃን በየሰፈሩ እንደነበር እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ስለዚህ የኮሌራ መርዝ ሲገኝ ሁሉም ያው ይሆናል ብሎ አሰበ። መርዙን ገርቶ መውጋት! በ1974 ባንግላዴሽ፣ ማትላብ በሚባለው ገጠር በሰፊው ተሞከረ። አልሠራም፤ የሰጠው ጥበቃ ትንሽና አጭር ሆነ።

እኔም ክፍል ውስጥ የቆምኩት እዚህ ላይ ነበር። «የኮሌራ መርዝ ተገኘ፤ ክትባቱም እንደ መንጋጋ ቆልፍ ከመርዙ ይሠራል» ብዬ ነው የዘጋሁት። ቀጣዩን ምዕራፍ አላነበብኩም ነበር።

ለምን አልሠራም? የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል፤ ደም ውስጥ የተዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል እዚያው ያገኘዋል። የኮሌራ መርዝ ግን አንጀት ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው ያለው። በመርፌ የመጣው መከላከያ እዚያ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ሌባው አጥር ላይ ሳለ ዘበኛውን ጓዳ ማስቀመጥ በሉት። አንጀት የራሱን ዘበኛ እንዲያቆም ከተፈለገ ትምህርቱ በአፍ መግባት አለበት።

የሚጠጣው

ይህንን ይዘው የተነሡት ስዊድን፣ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ያን ሆልምግሬንና አን-ማሪ ስቬነርሆልም ናቸው። መላቸው እንዲህ ነበር። ኤን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው ጉዳት የሌላቸውን ቢዎች ብቻ ወሰዱ። የተገደለውን ባክቴሪያ ጨመሩበት። በጥብጠው በአፍ ሰጡ። አንጀቱ ሁለቱንም ይለያል፤ ባክቴሪያውን እንዳይጣበቅ፣ መርዙን በር እንዳይይዝ ያደርጋል።

በ1985 ያው ማትላብ ላይ፣ ጆን ክሌመንስ በመራው ሙከራ፣ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችና ልጆች ተሳተፉ። በሦስት ቡድን ነው፦ አንዱ ባክቴሪያውን ከነቢው፣ ሁለተኛው ባክቴሪያውን ብቻ፣ ሦስተኛው ማነጻጸሪያውን ወሰደ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቢ ያለበት 85 በመቶ ተከላከለ፤ የሌለበት 58 በመቶ። የመርዙ ቁራጭ የሚሠራው ሥራ እንዳለ በሰው ላይ ታየ። ሌላም ነገር ተገኘ። አንድ ዓይነት ኢ.ኮላይ አለ፤ መርዙ የኮሌራን መርዝ በጣም ይመስላል፤ በድሃ አገር ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያሰቃይ ነው። ቢ ያለበት ክትባት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህንንም በ67 በመቶ ቀንሷል።

ሳምቡ ናት ዴ ያረፈው በዚያው በ1985 ነው።

አሁን ወደ ግራ የሚያጋባው ነገር እንምጣ። የማትላቡ ክትትል ሲቀጥል፣ በሦስት ዓመት ተደምሮ ሲታይ ቢ ያለበት 50 በመቶ፣ የሌለበት 52 በመቶ ሆነ። እኩል በሉት። ቢ ቶሎ ያግዛል፤ እያደር ግን ብልጫው ይጠፋል።

በዚያ ላይ ቢ አስቸጋሪ ነው። ለማምረት ዋጋ ያስወጣል። የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በሶዳ በተበጠበጠ ውኃ መጠጣት አለበት። ለአንድ አዋቂ 150 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል። ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚጠጣ መንገደኛ ቀላል ነው። ንጹሕ ውኃ ጠፍቶ ኮሌራ በገባበት ወረዳ፣ ለ50 ሺህ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይዞ መዞር ግን... ተማሪዬ ሆይ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቬትናሞች ይህን ቀድመው አዩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከስዊድኖቹ ዕውቀቱን ተቀብለው ቢውን ተዉት። የተገደለውን ባክቴሪያ ብቻ በርካሽ፣ ያለ ሶዳ፣ ያለ ብርጭቆ ውኃ የሚወሰድ አድርገው ሐኖይ ላይ ሠሩት። ሁዌ ከተማ ላይ ሲሞከር 66 በመቶ ተከላከለ። ኋላ ሴኡል ያለው ዓለም አቀፍ የክትባት ኢንስቲትዩት አሻሻለው። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፤ የእናትየዋ መልስ እዚህ ነው ያለው። ከድሮዎቹ የባክቴሪያ ዘሮች አንዱ መርዝ በብዛት የሚያመርት ነበር። ክትባቱ ውስጥ የመርዝ ቅሪት እንዳይኖር ያንን ዘር አውጥተው በሌላ ተኩት።

የተሻሻለው ክትባት ከ2006 ጀምሮ በሰፊው የተሞከረው የት ይመስላችኋል? ካልካታ፤ ዴ መርዙን ባገኘበት ከተማ። እስከ አምስት ዓመት ተከታትለውት 65 በመቶ ተከላከለ። በ2009 ሕንድ ውስጥ ተፈቀደ፤ በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ተቀበለው። ሻንኮል ይባላል። ኮሪያ የሚሠራው ዩቪኮልም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ዘነበወርቅ

ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ በታክሲ ያለፋችሁ ሁሉ የአለርትን ግቢ ታውቁታላችሁ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። አለርት በ1965 ተቋቋመ። ከጎኑ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ በስዊድንና በኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች እገዛ ሥራ የጀመረው በ1970 አካባቢ ነው። ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ የተወሰደ ነው። በልጅነታችን «እዚያ ግቢ አትጠጉ» የሚባልበት ቦታ ነበር። ሰው በሽታውን ፈርቶ ግቢውንም ፈራ።

እዚያው ግቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከሴኡሉ ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው የሚጠጣውን የኮሌራ ክትባት በኢትዮጵያውያን ላይ ሞከሩት፤ በአዋቂም በልጅም። ሰው በዕጣ ተመድቦ ገሚሱ ክትባቱን፣ ገሚሱ ማነጻጸሪያውን ወሰደ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ክትባቱ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው፤ የኛም ሰው ሰውነት ጥሩ መከላከያ ያበጃል። በዚያው ዓመት ሻሸመኔ ላይ በዘመቻ መልክ ተሰጠ፤ ምን ያህል ያስወጣል፣ እንዴት ይዳረሳል የሚለውም ተጠና።

«ይህ በፈረንጅ ላይ እንጂ በእኛ ላይ አልተሞከረም» ለሚላችሁ ሰው መልሱ ይኼ ነው። ኮልፌ ውስጥ ባለ ግቢ፣ በእኛ ልጆች ተሠርቷል።

ለእናትየዋ

ስለዚህ ልጄ፣ ለዚያች እናት እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «አይ እናቴ፣ መርዝ የለበትም። የተገደለ ተሐዋሲ ነው፤ እንዳይኖርበትም ሆን ተብሎ ተጠንቅቀውበታል።» ጨምረሽም፦ «በሌላ ክትባት፣ ለምሳሌ በመንጋጋ ቆልፉ ላይ፣ የተገራ መርዝ አለ። እሱ ነው ስትወልጂ አንቺንም ሕፃኑንም የጠበቃችሁ።» ሁለተኛውን አትደብቂ። ዛሬ የደበቅሽውን ነገ ከሌላ ሰው ሰምታ ስትመጣ የመጀመሪያውንም አታምንሽም። እኔ ያጠፋሁት ይህንን ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ አላስተማርኳችሁም።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ክትባቱ ብርቅ ስለሆነ ነው። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በዓለም ላይ እጥረት ስለተፈጠረ ለወረርሽኝ ሁለት መሆን የነበረበት መጠን አንድ ብቻ እየተሰጠ ነው። የሻንኮል አምራች በ2023 መጨረሻ ሥራውን አቆመ፤ ለተወሰነ ጊዜ የዓለም መጠባበቂያ በአንድ የኮሪያ ፋብሪካ ትከሻ ላይ ወደቀ። አገራችን ደግሞ ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ከባሌ የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ወረዳ አዳርሷል። አንድ ሰው ተሰልፎ ሳይጠጣ ሲመለስ የሚባክነው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ስምም አንድ ቃል። በ2008 ዓ.ም. «አተት» ስንል ከረምን። ሰውን ላለማስደንገጥ ነው ይባል ነበር። በስሙ ላልጠሩት በሽታ ግን ክትባቱን በስሙ መጠየቅ ይከብዳል። ሕዝቡም ስሙ የተሸሸገ በሽታ ሲያይ ሌላም የተሸሸገ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። «መርዝ አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። እናትየዋን አልወቅሳትም።

የቀረው

ቢ ተረስቶ አልቀረም። ያ ኢ.ኮላይ የሚባለው የሕፃናት ጠላት ክትባት እስካሁን የለውም፤ የጎተንበርግ ሰዎች ኢቲቫክስ የሚባል ቢ ያለበት የሚጠጣ ክትባት ሠርተው በባንግላዴሽ፣ በዛምቢያና በጋምቢያ ሞክረውታል። ከተሳካ በየክረምቱ ልጆቻችንን የሚያኮሰምነውን ተቅማጥ የሚቀንስ ነው።

«የጨጓራውስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ግማሻችሁ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብን እያላችሁ መድኃኒት ስትወስዱ ነው የምትከርሙት። ቻይና ውስጥ በ2015 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ነበር። የዚሁ ኢ.ኮላይ መርዝ ቢ ከጨጓራው ባክቴሪያ አንድ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ለተማሪ ልጆች በአፍ ተሰጠ። በመጀመሪያው ዓመት 71.8 በመቶ ተከላክሏል። መርዙ እዚህ እንደ ደወል ነው የሚያገለግለው፤ አንጀትን አንቅቶ «ይህን ልብ በል» ይለዋል። ለእናንተ ደርሷል ማለት ግን አይደለም፤ ሐኪማችሁ ያዘዘውን መድኃኒት ጨርሱ።

እስከዚያው ድረስ ትልቁ መድኃኒት ያው ነው። ውኃውን አፍሉ ወይም አክሙ፤ እጅ ታጠቡ፤ መጸዳጃ ይኑር። ተቅማጥ ከያዘ ወዲያው ኦአርኤስ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የኮሌራ መርዝ የአንጀትን ብዙ ነገር ቢያዛባም አንድ በር ሳይነካ ይቀራል፤ ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡበት በር። በዚያ በር ሲገቡ ውኃውን ይዘው ይገባሉ። ጎረቤቴን ከጠጣው ሁሉ ያዳነው ይኼ ነው። ከባድ ከሆነ ግን ኦአርኤሱን እያጠጣችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

እናትየዋ ተመልሳ መጥታ ይሆን ብዬ ተማሪዬን ጠየቅኋት። «አልመጣችም ቲቸር፤ ዘመቻውም አለቀ» አለችኝ። «ቤቷን ግን አውቀዋለሁ። ገበያ ቀን እሄዳለሁ።»

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የባዮሎጂ ደብተራችሁን ያልጣላችሁ ካላችሁ ገልጣችሁ እዩ። «የኮሌራ ክትባት ከባክቴሪያው መርዝ ይሠራል» የሚል ካገኛችሁ በእኔ ስም ሰርዙት። ከጎኑ ይህን ጻፉ፦ «ለአገራችን የደረሰው ከተገደለ ባክቴሪያ ነው፤ መርዝ የለበትም። ቲቸር ተሳስቶ ነበር።»

ቸር ያሰማን።